በቂ ማለት ስንት ዋት ነው?

ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው የማዘርቦርድ ስሎት ለግራፊክስ ካርድ የሚያቀብለው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ እስከ 66 ዋት የሚደርሰው በ12 ቮልት መስመር ይመጣል፤ የቀረው በ3.3 ቮልት። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ሊሰካለት ይገባል። በቢሮ ሲያገለግሉ ቆይተው ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ የሚወጡት ቀጫጭን ዴስክቶፖች፣ እነ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ እነ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ እነ ሌኖቮ ቲንክሴንተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ገመድ የላቸውም። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይም ከ180 እስከ 260 ዋት ባለው መካከል ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰው ካርድ ለመግዛት ሲነሳ ወሰኑ አስቀድሞ ተሰምሮ ይጠብቀዋል።

ወሰኑ የቴክኒክ ቢሆንም የሚያስነሳው ጥያቄ ፈላስፎችና የሃይማኖት አባቶች ለብዙ ዘመን ሲመላለሱበት የኖሩት ነው። አንድ መሣሪያ በቂ የሚሆነው መቼ ነው? ልኩን የሚያወጣው መሣሪያው ራሱ ነው፣ ገበያው ነው፣ ወይስ ሰውየው ሊሠራበት ያሰበው ሥራ? ወሰን ያለው ምርጫስ ወሰን ከሌለው ያነሰ ነጻነት ነውን? የግሪክ ፈላስፎች ስለ ሀብት፣ የግብፅ በረሃ መነኮሳት ስለ ምግብ፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ ውሳኔ ሲናገሩ የጠየቁት ይህንኑ ነው።

የግራፊክስ ካርዶች አናት ላይ ያለው ልክ ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ሽቅብ ሲወጣ ኖሯል። ኤንቪዲያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ጂፎርስ 256ን ሲያወጣ ካርዱ የሚፈልገውን ኃይል ከስሎቱ ያገኝ ነበር። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 450 ዋት፣ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት ይፈልጋሉ። ይህ የካርዱ ብቻ ፍጆታ ነው፤ የኋለኛው ብቻውን ከላይ የተጠቀሱት የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ በሙሉ አቅሙ ከሚሰጠው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በቀን 4 ሰዓት በሙሉ ጭነት የሚሠራ ባለ 450 ዋት ካርድ በዓመት 657 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 75 ዋቱ በዚያው ሰዓት 110 ገደማ ይበላል። ልዩነቱ በቆጣሪ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ካርድ የሚበላው ኃይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ስለሆነ ሰው የሚቀመጥበት ክፍልም ይሞቃል።

ትልቅ ካርድ ሁሉ ኃይል አባካኝ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። በአንድ ዋት የሚከናወነው ሥራ ሲለካ አርቲኤክስ 4090 ከእሱ በፊት ከነበሩ ብዙ ትንንሽ ካርዶች የተሻለ ነው። ለፊልም ሠሪ፣ ለአርክቴክት፣ ለተመራማሪ ያ አቅም እንጀራ ነው። ስለዚህ ካርድን በትልቅነቱ መውቀስም ሆነ በትንሽነቱ ማመስገን የትም አያደርስም። መመርመር የሚገባው ከግዢው ጀርባ ያለው ፍላጎት ልክ ያለው መሆን አለመሆኑ ነው።

አሪስቶትል «ፖለቲካ» በሚባለው ሥራው አንደኛ መጽሐፍ ላይ ስለዚህ ጉዳይ መሠረታዊ ነገር አስቀምጧል። የየትኛውም ሙያ መሣሪያ በብዛትም ሆነ በመጠን ወሰን አለው ባይ ነው፤ መሣሪያ የሚኖረው ለሥራ ነው፣ ሥራው ደግሞ መድረሻ አለው። ሀብትንም የቤትና የአገር መሣሪያዎች ስብስብ አድርጎ ስለሚያየው፣ እውነተኛ ሀብት ለእሱ ልክ ያለው ነገር ነው። ከዚህ ለይቶ የሚያየው ገንዘብን ለገንዘብነቱ ማሳደድን ነው። ግቡ ራሱ መጠን ስለሆነ የሚያቆመው ነገር የለም፤ አንድ ሺህ ያለው አሥር ሺህ ያምረዋል፣ አሥር ሺህ ያለውም መቶ ሺህ።

ግራፊክስ ካርድም በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ይፈለጋል። አንዱ ፈላጊ ከሥራው ይነሳል፤ ሁለት ሞኒተር ማገናኘት፣ ፊልም በ4ኬ ሳይቆራረጥ ማየት፣ በብሌንደር አነስተኛ ሞዴል መሥራት፣ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ጌም መጫወት። እነዚህ ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው፤ ስለ እያንዳንዳቸው ተሟልቷል ወይም አልተሟላም ብሎ መናገር ይቻላል። ሌላው ፈላጊ የሚነሳው ከመለኪያ ነጥብ ነው። ነጥቡ ከፍ ያለው ካርድ ይሻላል፣ ከእሱ ከፍ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ለዚህ ሰው 75 ዋት ሁልጊዜ ሽንፈት ነው፤ 575 ዋትም ቢሆን የሚያስደስተው ቀጣዩ ትውልድ እስኪወጣ ድረስ ነው። ለመጀመሪያው ሰው ግን 75 ዋት አንዳንድ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ይገኛል። ካርዱም፣ ስሎቱም፣ ኬዙም ያው ሆነው በቂነቱ የሚለያየው ከሥራ በመነሳትና ከነጥብ በመነሳት ነው። አሪስቶትል ስለ ኮምፒውተር ምንም ባያውቅም ስለ ካርድ ግዢ ከተባሉት ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ጠቃሚ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል።

ወሰንን ማወቅ በአእምሮ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ኬዙን ከፍቶ ማየት ይጠይቃል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ጠቅላላ ዋቱና በየመስመሩ የሚሰጠው አምፒር ተጽፏል። የ12 ቮልቱ መስመር 14 አምፒር ይሰጣል ከተባለ ሁለቱን ማባዛት ነው፤ 168 ዋት ይመጣል። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት የሚል ከሆነ፣ በከባድ ሥራ ላይ ለአጭር ጊዜ ከዚያ ሊያልፍ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ማራገቢያው ወደ 30 ዋት ቢይዙ ለካርዱ የሚተርፈው 73 ዋት ገደማ ነው። ባለ 75 ዋት ካርድ ከ12 ቮልቱ መስመር የሚወስደው እስከ 66 ዋት ስለሆነ ወረቀት ላይ ይበቃዋል፤ በተግባር ግን መተንፈሻ የለውም። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ስሎቱ የሚሰጠውን ኃይል በራሳቸው ውሳኔ ከ75 ዋት በታች ያደርጉታል፤ ይህ የሚገኘው በኮምፒውተሩ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ቦታውም እንዲሁ ይለካል። በቀጭን ኬዝ ውስጥ የሚገባው ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭር ካርድ ሲሆን የቦርዱ ቁመት ከ69 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የመደበኛው ካርድ 111 ሚሊሜትር ነው። ውፍረቱ ሁለት ስሎት የሚይዝ ካርድ ከጎኑ ያለውን ስሎት ይሸፍናል፤ ከጎኑ ስሎት ሳይሆን ፓወር ሰፕላይ ካለ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ከኋላ ያለችው የብረት ማሰሪያ አጭሯ ካልሆነች ክዳኑ አይዘጋም። ኬዙን ሳይከፍት፣ ማስመሪያ ይዞ ሳይለካ ካርድ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ነው። በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የተነገረው ምሳሌ ለዚህ ዓይነቱ ሰውም ይሆናል።

ከወሰኑ ቀጥሎ የሚመጣው ፍላጎትን መለየት ነው። ኤፒኩሮስ የሰውን ፍላጎት በሦስት ይከፍላል፤ ተፈጥሯዊም አስፈላጊም የሆነ፣ ተፈጥሯዊ ሆኖ የግድ ያልሆነ፣ ከከንቱ አስተሳሰብ የሚመነጭ። የመጀመሪያው በትንሹ ይረካል፤ ሦስተኛው በምንም አይረካም። ክፍፍሉ በካርድ ምርጫ ላይ ሲሠራ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይሰጣል። አስፈላጊው ፍላጎት ብዙ ጊዜ ካርድ ጭራሽ አይፈልግም። የ8ኛው ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ዩኤችዲ 630 የሚባል ግራፊክስ ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመሥራት፣ ኢንተርኔት ለማሰስ፣ ኤችኢቪሲ በሚባለው ኮድ የታመቀ የ4ኬ ፊልም ለማየት ይበቃል። የማይችለው ኤቪ ዋን የሚባለውን አዲሱን የቪዲዮ ኮድ በራሱ መፍታት ነው። አዲስ ኮምፒውተር ለሚገጥም ሰው ደግሞ በ2024 የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 7 8700ጂ ውስጡ ባለው ግራፊክስ ብቻ ብዙ ጌሞችን በመካከለኛ ጥራት ያጫውታል። ስለ ካርድ ምርጫ የሚጻፍ ጽሑፍ አስቀድሞ ካርድ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ካልጠየቀ ከመነሻው ጎድሏል።

ከንቱው ፍላጎት የሚመገበው በስም ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ጂቲ 1030 የሚባለው ባለ 30 ዋት ካርድ ነው። በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር5 የተባለ ፈጣን ሚሞሪ ነበረው። በ2018 በዚያው ስም ዲዲአር4 ሚሞሪ የያዘ ሌላ ካርድ ወጣ፤ ሚሞሪው መረጃ የሚያመላልስበት ፍጥነት በሰከንድ ከ48 ጊጋባይት ወደ 17 ገደማ ወርዶ ነበር። ስሙን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ከጠበቀው አቅም እጅግ ያነሰ ተቀበለ። አርቲኤክስ 3050ም እንዲሁ ነው። ባለ 8 ጊጋባይቱና ባለ 6 ጊጋባይቱ አንድ ስም ቢጋሩም ውስጣቸው አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው 2560 ኮር፣ ሁለተኛው 2304 ኮር አላቸው። ይህ በገዢው ላይ የሚሠራ ግፍ ነው። ስም የነገሩን ምንነት እንዲናገር እንጂ እንዲሸፍን አይገባም፤ የሚሸፍን ከሆነ ጥፋቱ የገዢው ብቻ ሊሆን አይችልም።

በሁለቱ መካከል ያለው ፍላጎት፣ ተፈጥሯዊ ሆኖ የግድ ያልሆነው፣ ጨዋታን ይጨምራል። እዚህ ላይ ጨዋታን ከንቱ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ብዙ ጠንካራ ሰዎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ነገር ግን የሆላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለው መጽሐፉ ጨዋታ ከባህል የቀደመ እንደሆነ፣ ፍርድ ቤትም፣ ግጥምም፣ አምልኮም የጨዋታን መልክ እንደያዙ ለማሳየት ደክሟል። በእሱ አመለካከት ጨዋታ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ጊዜና የራሱ ሕግ አለው፤ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ድንበር ተለይቶ ይታወቃል። ይህ ትክክል ከሆነ ጨዋታ ወሰንን አይጠላም፤ እንዲያውም ያለ ወሰን አይቆምም። ኳስ ሜዳ መስመር ባይኖረው ጎል የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ በ75 ዋት ውስጥ የሚጫወት ሰው የጎደለ ጨዋታ ተጫወተ ሊባል አይገባም። ጥራቱ ዝቅ ባለ ምስል የተጫወተው ጌም ሕጉም፣ ፈተናውም፣ ደስታውም ያው ነው።

በወሰኑ ውስጥ ያሉት ካርዶች ብዙ አይደሉም፤ ይህም በረከት ነው። በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋባይትና ባለ 75 ዋት ሲሆን ያለ ተጨማሪ ገመድ የሚሠራ፣ አጭር ቁመት ያለው ዓይነትም ያለው ካርድ ነው፤ ለአሮጌ ቢሮ ኮምፒውተር እስካሁን ታማኝ ነው። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 53 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ለ180 ዋት ፓወር ሰፕላይ የተሻለ ይስማማል፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ስሎት ውፍረት ብቻ አለው። ድክመቱ ሁለት ነው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ በመሆኑ በአሮጌው የ3ኛ ትውልድ ስሎት ላይ የመረጃ መንገዱ በግማሽ ይጠብበታል፤ ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርግ ክፍልም የለውም። እንግዲህ ይህን ካርድ በብዛት የሚፈልጉት አሮጌ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች ሆነው፣ በጣም የሚጎዳውም በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። የኢንቴል አርክ ኤ380 በተቃራኒው ለቪዲዮ ሠሪ ይሆናል፤ 6 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ሲሆን በኤቪ ዋን ኢንኮድ ያደርጋል። ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ቅንብር በባዮስ ውስጥ ካልተከፈተለት ፍጥነቱ በእጅጉ ይወርዳል። ይህ ቅንብር ደግሞ በብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች የለም። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም ከሌሎቹ የሚበልጥ ኃይል የመውሰድ ጠባይ አለው።

በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ስሙ ቢያደናግርም ለአብዛኛው ሰው የተሻለው ምርጫ ነው። 70 ዋት ብቻ ይወስዳል፤ አጭር ቁመት ያለው ዓይነት ተሠርቶለታል፤ የቪዲዮ ኢንኮድ ክፍልም አለው። ለሙያ ሥራ የተሠሩት አርቲኤክስ ኤ2000ና አርቲኤክስ 4000 ኤስኤፍኤፍ አዳ እንዲሁ በ70 ዋት ይሠራሉ። ሁለተኛው በ70 ዋት 20 ጊጋባይት ሚሞሪ ይዞ በ2023 መውጣቱ በዚህ ወሰን ውስጥ ምን ያህል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል፤ በዚህ ሚሞሪ መካከለኛ መጠን ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት የቋንቋ ሞዴል በቤት ውስጥ ማስኬድ ይቻላል። ዋጋው ግን በገበያ ከወጣ ጊዜ ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ የተራ ሰው ካርድ አይደለም።

ትንሽ ኃይል ይህን ያህል ሥራ እንዴት ይሠራል ለሚለው መልስ የሚሰጠው ፊዚክስ ነው። ቺፕ በሥራ ላይ የሚበላው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው ጋርና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል። ሁለቱ በ10 በመቶ ቢቀነሱ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ የሚበላው ኃይል ግን በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከዚህ የተነሳ ውዱ ዋት የመጨረሻው ነው፤ ካርዱን ከጥሩ ወደ አንደኛ ለመግፋት የሚጨመረው ኃይል ከሚያስገኘው ፍጥነት ጋር አይመጣጠንም። ባለ 8 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 130 ዋት፣ ባለ 6ቱ 70 ዋት ይወስዳሉ፤ ኃይሉ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ፍጥነቱ ግን በግማሽ አይቀንስም። ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እንደጻፉት ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ እየቀነሰ ለረጅም ጊዜ ቀጥሎ ነበር። በ2005 ገደማ ይህ አካሄድ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ፍጥነት በነጻ አይገኝም። ከዚህም በታች ሌላ ወለል አለ። ሮልፍ ላንዳወር በ1961 እንዳሳየው አንዲት ቢት መረጃ መሰረዝ እንኳ ሊወገድ የማይችል ሙቀት ያስወጣል። የዛሬ ቺፖች ከዚያ ወለል እጅግ ርቀው የሚሠሩ ቢሆንም፣ ሐሳብን በቁስ የሚያከናውን ነገር ሁሉ ዋጋ እንደሚከፍል ማወቅ ለፍልስፍና ትልቅ ነገር ነው። ወሰን የሰው ድክመት ወይም የአምራች ንፍገት ብቻ አይደለም፤ በፍጥረት ውስጥ የተጻፈ ነው።

የሃይማኖት ትውፊቶች ይህን ወሰን የተቀበሉት በሌላ በር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ የማኅበር ምንኩስናን የመሠረተው አባ ጳኩሚስ፣ ከመልአክ ተቀበለው በሚባለው ሥርዓት ውስጥ፣ መነኮሳቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ምግብና አንድ ዓይነት ሥራ እንዲኖራቸው አልተደረገም። እያንዳንዱ እንደ ጉልበቱ እንዲበላና ሥራም እንደሚበላው ልክ እንዲሰጠው፣ ከመጾምም ከመብላትም ማንም እንዳይከለከል ተደንግጓል። ይህ ሥርዓት ጥንት ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ገዳማት ኖሯል። በውስጡ ያለው ጥበብ ልክ ለሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ብዙ የሚሠራ ብዙ ይበላል፤ ነውር የለበትም። ነውሩ የማይሠራበትን መብላት ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ 30ኛ ምዕራፍ አጉር የሚጸልየው ጸሎትም ከማጣትም ከመትረፍረፍም ተጠብቆ የሚበቃውን ለማግኘት ነው፤ ሁለቱም ጽንፎች ሰውን ከመንገድ እንደሚያወጡት ምክንያቱን ጨምሮ ይናገራል።

በእስልምና ደግሞ ኢስራፍ፣ ማለትም ከልክ ማለፍ፣ የተወገዘ ነው። በኢብን ማጃህ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ በሚፈስ ወንዝ ዳር ውዱእ የሚያደርግ ሰው እንኳ ውኃ እንዳያባክን የሚያስተምር ሐዲስ ይገኛል። ይህ ትምህርት ከሁሉም ጠልቆ ይሄዳል። ወንዙ አያልቅም፤ ልክ ግን ይቀራል። ኤሌክትሪክ ርካሽ የሆነበት አገር ያለ ሰው፣ ፓወር ሰፕላዩ 1000 ዋት የሆነ ሰው፣ ገንዘብ የተረፈው ሰው ስንት ይበቃኛል ከሚለው ጥያቄ ነጻ አይወጣም ማለት ነው። ለድሃው ልኩን ቆጣሪው ይነግረዋል፤ ለባለጸጋው ካላሰበበት የሚነግረው የለም።

ልክን ማወቅ ለአእምሮም ዕረፍት ነው። አሜሪካዊው ኸርበርት ሳይመን፣ በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ በ1956 ባወጣው ጥናት ሰው ጊዜውም መረጃውም ውስን ስለሆነ ከሁሉ የተሻለውን መርጦ ሊያገኝ እንደማይችል አስረድቷል። ሰው የሚያደርገው የሚበቃውን ደረጃ ማውጣትና እዚያ የደረሰውን የመጀመሪያ ነገር መያዝ ነው። በካርድ ግዢ ይህ አሠራር በጣም ይረዳል። ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ምስል የሚቀይር ከሆነ፣ በሰከንድ 120 ምስል የሚሠራ ካርድ ግማሽ ድካሙ ለዓይን አይደርስም። የሞኒተሩን ቁጥር ያወቀ ሰው ደረጃውን አውጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የካርዶችን ሰንጠረዥ ማነጻጸር አይጠበቅበትም። ያ ሰው ጊዜውን ለሥራው ወይም ለጨዋታው አተረፈ።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን ይቀራል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስታንሊ ጄቨንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል በጻፈው መጽሐፍ የእንፋሎት ሞተር ቆጣቢ በሆነ ቁጥር የከሰል ፍጆታ እንዳልቀነሰ፣ ይልቁንም እንደጨመረ አመልክቷል። ቁጠባው ሥራውን ስለሚያረክሰው ሰው ይበልጥ ይሠራበታል። ካርድም ከዚህ አያመልጥም። 70 ዋት ብቻ ነው ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሚያድር፣ ወይም አዲሱ ይበልጥ ይቆጥባል እየተባለ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር ካርድ የቆጠበውን ሁሉ መልሶ ይበላዋል። ጉዳዩን የሚያባብሰው በፋብሪካ የሚፈጀው ኃይል ነው። ኤሪክ ዊሊያምስ በ2004 ባወጣው ጥናት አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን ከባለ 17 ኢንች የድሮ ሞኒተሩ ጋር ለመሥራት 6400 ሜጋጁል ኃይልና 260 ኪሎ ግራም የነዳጅ ምንጭ እንደሚያስፈልግ ገምቷል። ይህ 1780 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በቀን 4 ሰዓት የሚሠራው ባለ 75 ዋት ካርድ ያንን ያህል ለመብላት 16 ዓመት ይፈጅበታል። ዕቃው ያረጀና ሞኒተሩም ከገበያ የጠፋ ዓይነት ቢሆንም የቁጥሩ ትምህርት አይለወጥም፤ ያለውን ኮምፒውተር ማቆየት በትንንሽ ካርዶች መካከል ካለው የዋት ልዩነት ከሚገኝ ቁጠባ ይበልጣል።

ስለዚህ በጄቨንስ ተቃውሞ ፊት የሚቆመው መሣሪያውን ሳይሆን ፍላጎቱን የሚወስን ሐሳብ ነው። ቆጣቢ ካርድ ሰውን ቆጣቢ አያደርግም። ልኩን ያወቀ ሰው የገዛው ቆጣቢ ካርድ ግን ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቦታ፣ ይህ በግልጽ ይታያል። ኮምፒውተሩ ከነካርዱ 150 ዋት የሚበላ ከሆነ በትንሽ ዩፒኤስ ላይ ሥራን አስቀምጦ በሰላም ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይገኛል፤ 600 ዋት የሚበላ ኮምፒውተርን ያ ዩፒኤስ ጭራሽ አይሸከመውም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ፍርዱ አስቸጋሪ አይደለም። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ትምህርት ለሚከታተልና ፊልም ለሚያይ ሰው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ይበቃዋል፤ የካርዱን ገንዘብ በራምና በኤስኤስዲ ላይ ቢያውለው ይበልጥ ይጠቀማል። 180 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይዞ ጌም ለሚጫወት አርኤክስ 6400፣ ከዚያ ሻል ያለ ፓወር ሰፕላይ ላለውና ቪዲዮም ለሚያቀናብር ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ይስማማዋል። አዲስ ማዘርቦርድ ኖሮት ሥራው ቪዲዮ ብቻ የሆነ ሰው አርክ ኤ380ን ቢወስድ አይከፋም። ሥራው በእርግጥ ከ75 ዋት በላይ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ትንሹን ኬዝ እየቦረቦረ፣ ፓወር ሰፕላይ እየቀያየረ ገንዘቡን አያባክን፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ሌላ ካርድ ሳይሆን ሌላ ኮምፒውተር ነው።